በፈትል የተለካው ቺንጋ

ወንዳፈራሁ የጭነት መኪናውን የሚያቆመው ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ራቤል ውስጥ ያቺን መኪና የማያውቅ ሰው የለም። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል፤ አሁን የቱ ቀለም፣ የቱ ዝገት እንደሆነ ለመለየት ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። በጋቢናዋ ውስጥ ከመሪው በላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፏል። ከወንበሩ ጀርባ ሚስቱ ጌታነሽ ፈትላ ያሠራችለት ጥቁር ባና፣ ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ጠዋት ሲያስነሳት መጀመሪያ ታስላለች፤ ቀጥሎ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ የእኛ መስኮት አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ወንዳፈራሁ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ገብስ ይጭናል፣ በግ ይጭናል፣ ሰው ሲሞት የለቅሶ ድንኳን ይጭናል። ዝምተኛ ነው። በገበያ መሃል ሲያልፍ ጥሩንባ መንፋት እንኳን ያሳፍረዋል፤ በጎቹ ራሳቸው መንገዱን እስኪለቁለት ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ስለ እንዲህ ያለ ሰው ጥፋት መጻፍ ይከብዳል። ነገር ግን የሆነው ሆኗል፤ እሱም ራሱ ቢነገር አይጠላም።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን ነው። ከሞተሩ ፊት ቺንጋ የሚባል የጎማ ጠፍር አለ። ሞተሩ ሲዞር እሱም ይዞራል፤ አብሮም የውሃውን ፓምፕ፣ ማራገቢያውንና ዲናሞውን ያዞራል። እሱ ከተበጠሰ ውሃው መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሞተሩም እንደ ድስት ይፈላል። የወንዳፈራሁ ቺንጋ ከውስጥ በኩል እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ነበር። እሱም አወለቀው። እስከዚህ ድረስ መልካም አደረገ። ከዚያ ግን የበጎቹ በረት መዝጊያ ማሰሪያው ላልቶ ሲወዛወዝ አየና አሮጌውን ቺንጋ በቢላ ቆርጦ፣ ቋጥሮ ቋጥሮ አሰረበት። አዲሱን ለመግዛት ሲነሳ ነው ልኬቱን አለመያዙ ትዝ ያለው። የቺንጋው ቁጥር ከተፋቀ ዓመታት አልፎታል።

«ጌታነሽ፣ እስቲ አንድ ዘለላ ፈትል ስጪኝ» አላት።

ጌታነሽ ለባና የምትፈትለውን የበግ ፀጉር ክር ከእንዝርቷ ላይ ቆርጣ ሰጠችው። የጌታነሽ ፈትል በጊሼ የታወቀ ነው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ ቋጠሮ የማይገኝበት። ወንዳፈራሁ ክሩን ቺንጋው ይዞርባቸው በነበሩት ሦስት መዘውሮች ላይ አዞረ። እንዳይሳሳት ብሎ በደንብ ወጠረው፤ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘበት ላይ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

የመለዋወጫ ሱቅ ያላት ገበያነሽ ናት። ባሏ ይታየው መካኒክ ነበር፤ ያችን መኪና ስንት ዓመት በእጁ ያቆያት እሱ ነው። ይታየው ሲሞት ሰው ሁሉ ገበያነሽ ሱቁን ሸጣ ጠላ ቤት ትከፍታለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን የባሏን ቱታ አጥባ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው፤ ራሷ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። ቺንጋዎቿ ግድግዳው ላይ በምስማር ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ተሰቅለዋል፤ አቧራ አያርፍባቸውም።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ወንዳፈራሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቺንጋ ፈልጌ ነበር።»

«አሮጌውን ያሳዩኛ።»

«ልኬቱን ይዣለሁ» ብሎ የክሩን ጥቅል ባንኮኒው ላይ አኖረ።

ገበያነሽ ክሩን በሁለት እጇ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ደግማ ሳበችው።

«ይሄ የበግ ፀጉር አይደለም እንዴ?»

«የጌታነሽ ፈትል ነው።»

«ፈትሉስ የማይታማ ነው። ግን የበግ ፀጉር ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ሲለኩ ወጥረውታል?»

«ታዲያ ላልቶ ይለካል እንዴ?»

«እንግዲያው አሁን አጥሯል፤ በዚህ የምመርጠው ቺንጋም ያጥርብዎታል።»

ወንዳፈራሁ ጆሮው ቀላ። የጌታነሽን የእጅ ሥራ የነቀፈች መሰለው። «አገር ሁሉ የሚለብሰውን ፈትል አንቺ ልትነቅፊ ነው?»

«ኧረ እኔም እሱኑ ለብሼ ነው የማድረው፣ ጋሼ! ባና ሌላ፣ ቺንጋ ሌላ» ብላ ሳቀች። «አሮጌውን ያምጡልኝ፤ ቁራጩም ቢሆን ይበቃኛል። ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ወርዱም አለ። ቺንጋ የሚይዘው በጎንና በጎኑ ነው፤ ሆዱ የመዘውሩን ወለል ከነካ ይንሸራተታል።»

ወንዳፈራሁ በረቱን አሰበ። ቋጠሮውን ማጥበቁ ትዝ አለው። ቤቱ ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ከደጅ አስቻለው ቆሞ ይጣራል። አስቻለው ገበሬ ነው። ለራሱና ለመንደሩ ሰዎች የሚሆን የድንች ዘር መሐል ሜዳ ከተማ አስቀምጦ፣ ወንዳፈራሁ እንዲጭንለት በጠዋት ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ ቺንጋ ነው ወይስ ሚስት ነው የሚመርጡት? ድንቹ እኮ ቡቃያ አውጥቶ ራሱ በእግሩ ሊመጣ ነው!»

ወንዳፈራሁ ሳቀ። «በያዝኩት ልክ ስጪኝ በቃ» አላት ገበያነሽን።

እሷም ክሩን ዘርግታ ለካች፤ ከምስማሩ አንዱን አውርዳ ከነክሩ ሰጠችው። ሲወጣ ግን ከኋላው፣ «ካጠረ አያስገድዱት፣ ይመልሱልኝ እሺ?» ብላ ተናገረች። እሱም ሰምቷል፤ «እሺ» ብሏል።

ቺንጋው አጠረ። ዲናሞውን የያዘውን ቡሎን አላልቶ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገፋው፤ አሁንም ጣት የምታህል ቀረችው። መመለስ ይችል ነበር። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሴትዮዋ ይመልሱልኝ ብላለች። ግን ምን ብሎ ይመለስ? «ልክ ነበርሽ፣ ፈትሉ አጥሯል» ሊል ነው? ጎማ የሚያወልቅበትን ብረት አመጣ። ቺንጋውን በመዘውሩ ከንፈር ላይ አስይዞ፣ ብረቱን ከሥሩ አስገብቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ጥሎ ተጫነው። ከጎማው ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቺንጋውም ዘሎ ገባ።

«ምንድን ነው የጮኸው?» አለች ጌታነሽ ከበረቱ በኩል።

«ምንም አይደለም።»

ከውጭ ሲታይ ቺንጋው አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ከውስጥ ግን ጥንካሬው ያለባቸው ክሮች በብረቱ ተበጥሰዋል። ይህን ወንዳፈራሁ አላየም። ድምፁን ግን ሰምቷል። ኋላ ያ ድምፅ ቅዳሴ መሃል እንኳን ይመጣበት እንደነበር ለጌታነሽ ነግሯታል።

መኪናዋን ሲያስነሳት ቺንጋው እናቱን እንዳጣ ግልገል ጮኸ። «አዲስ ስለሆነ ነው» አለ፤ አስቻለውም አመነ። መሐል ሜዳ በደህና ደረሱ። ድንቹን ጭነው ሲመለሱ፣ ጓሳ በሚባለው የሣር ምድር ዳር፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከኮፈኑ ሥር እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከመሪው ሥር ያለችው ቀይ መብራት በራች። ወንዳፈራሁ ወዲያው ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሏል።

አስቻለውም አጎንብሶ አየ። «አሁን የገዙት አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«አዲስ?»

«አዲስ ነው።»

«ከገበያነሽ?»

«ከእሷ።»

«አዬ! የበሰበሰ ነዋ የሰጠችዎት! ሴት መለዋወጫ ስትሸጥ እንግዲህ ይኸው ነው። ይታየው ቢኖር እንዲህ ይደረግ ነበር?»

ወንዳፈራሁ አፉን ከፈተ። ነፋሱ ብቻ ገባበት። የተጠየቀውን ሁሉ የመለሰው በእውነት ነበር፤ አንድም የውሸት ቃል አልተናገረም። ኋላ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ዋሽቶ ቢሆን የሚናዘዘውን ያውቅ ነበር።

በዚያ መንገድ ያን ዕለት ሌላ መኪና አላለፈም። ሁለቱም ድንቹን ከሌሊቱ ውርጭ የሚያለብሱበት ፍለጋ ያላቸውን ሁሉ አወረዱ። ሸራው ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር፤ በጆንያዎቹ ላይ ዘረጉት። አስቻለው ጋቢውን ጨመረ። ወንዳፈራሁ ባናውን ጥግ ላይ ባሉት ጆንያዎች ላይ ጣለ። ዙሪያቸውን የጓሳ ሣር እስከ ጉልበት ቆሟል። አጭደው ቢከምሩበት ውርጩን በከለከለላቸው ነበር። ግን ሣሩ ዝግ ነው፤ አገሩ በጋራ የሚጠብቀው ስለሆነ የማጨጃው ጊዜ እስኪከፈት ማንም አይነካውም። አያቶቻችን ያቆሙትን ሥርዓት ሁለቱም ያውቃሉ። አስቻለው ሣሩን አየ፣ ድንቹን አየ፣ «የማይነካ ነገር መሃል ነው ያቆሙን፣ ጋሼ» አለና ጋቢና ውስጥ ገባ።

ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ነበር። ድንቾቹ እንደ ጠጠር ጠጥረዋል። ፀሐይ ስትነካቸው ለሰለሱ፤ ከጆንያዎቹ ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። የተረፉት ከባናው ሥር የነበሩት ብቻ ናቸው። ወንዳፈራሁ ባናውን አንሥቶ ከሥሩ ያሉትን ደህና ድንቾች ሲያይ ቆየ። የጌታነሽ ፈትል ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንዳደረገ፣ በቦታው ሲውል ደግሞ ምን እንዳዳነ ቁልጭ ብሎ ታየው።

መኳንንት የሚባል ሌላ ሾፌር ረፋድ ላይ ደርሶ አንድ ያገለገለ ቺንጋ ሰጣቸው። ይሄኛው ደግሞ የላላ ነበር፤ እየቆሙ፣ እያቀዘቀዙ፣ ራቤል ገቡ።

ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ደርሷል። «ገበያነሽ የበሰበሰ ቺንጋ ሸጣ የሰውን የድንች ዘር በውርጭ አስበላች» ተባለ። በልግ ሊዘራ መሬቱን አርሶ የጠበቀ ሰው ተቆጣ፤ ቁጣ ደግሞ ስም ይፈልጋል። መኳንንት ዘይት እንኳን ከእሷ መግዛቱን ተወ። ባለ ወፍጮው የወፍጮውን ቺንጋ ከመሐል ሜዳ አስመጣ። ገበያነሽ ጠዋት ሱቋን ትከፍታለች፣ ቺንጋዎቿን በጨርቅ ትወለውላለች፣ ማታ ትዘጋለች። እህቷ ዓለም ከተማ ትኖራለች፤ ሱቁን ዘግታ ወደዚያ ልትሄድ ነው መባል ተጀመረ።

ወንዳፈራሁ በሱቋ በኩል ማለፍ ተወ። ወፍጮ ቤት ለመሄድ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይዞራል። መኪናዋን ግን ማጠብ አበዛ። የድንቹ ውሃ በጭነቱ ጣውላ ውስጥ ሰርጎ መሽተት ጀምሮ ነበር። በአመድ ያሻል፣ በውሃ ይለቀልቃል፣ ያናፍሳል፤ ሽታው አይለቅም። ጠዋት ጠዋት በጎቹን ሊያወጣ ሲሄድ ደግሞ የበረቱን መዝጊያ የሚፈታው በራሱ እጅ ነው። ያ የተቆረጠ ቺንጋ እዚያው አለ። አንድ ቀን ጌታነሽ ቋጠሮው ላይ እጁን ጭኖ ቆሞ አገኘችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ይሄን ፈትቼ ይዤላት ብሄድ ኖሮ…» አለና ነገራት። ክሩን፣ ብረቱን፣ ቋ ያለውን ድምፅ፣ አስቻለውን፣ ሁሉንም።

ጌታነሽ እጁን ከቋጠሮው ላይ አነሣችው። «እኔን ብለህ ነው የተቆጣሃት?»

«አዎ።»

«እኔ መች ቺንጋ እፈትላለሁ አልኩህ?» አለችው። አልሳቀችም። «ሂድና ንገራት።»

ሄደ። ባንኮኒው ፊት ቆመ። ገበያነሽ ቀና ብላ አየችው። ቱታው ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

«ምን ልስጥዎት?»

«አምፖል» አለ። አምፖል ይዞ ተመለሰ።

የየካቲት ሚካኤል ደረሰ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው። በዚያ ወር የማኅበሩ ተራ የወንዳፈራሁ ሲሆን፣ ከእሱ ጽዋውን ተቀብላ ለሚቀጥለው ወር የምትወስደው ደግሞ ገበያነሽ ነበረች። በማኅበራችን ደንብ የተኳረፉ ሰዎች ባሉበት ጽዋው አይነሣም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። መምሬ ይሥሐቅ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ እንደ ወትሮው ጠየቁ።

«በልቡ ቅሬታ የያዘ አለ?»

አስቻለው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አለኝ፣ መምሬ። ለመጪው ወር ከገበያነሽ ቤት አልሄድም። እኔ ብቻም አይደለሁ። ሰው ያፍራል እንጂ ብዙ ነን።»

ገበያነሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ መሬት መሬት አየች። «እንግዲያው ለሌላ ሰው ይሰጥ፣ መምሬ። እኔም ከዚህ ወዲያ እዚህ ብዙ አልቆይ።»

ወንዳፈራሁ ከጓዳው በር ላይ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሞ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ከኪሱ የክሩን ጥቅል አወጣ። ወደ ጠላው ጋን ሄደና ክሩን በጋኑ ወገብ ላይ አዞረ። ጫፍና ጫፉን ወጥሮ አገናኘ።

«ደረሰ?» አለ።

ሰው ሁሉ ግራ ገባው። «ደረሰ» አለ አንዱ።

ለቀቀው። ጫፎቹ ሸሽተው አንድ ስንዝር ያህል ተራራቁ።

«በዚህ ነው ቺንጋ የለካሁት» አለ ወንዳፈራሁ። «እሷ ያጥራል ብላኛለች። አሮጌውን አምጣ ብላኛለች፤ በረት አስሬበት ሰነፍኩ። ካጠረ አታስገድደው ብላኛለች፤ እኔ በጎማ ብረት አስገድጄ አስገባሁት። ሲሰበር ሰምቻለሁ። አንተም አስቻለው፣ የበሰበሰ ነው የሸጠችው ስትል ዝም አልኩህ። የመንደሩን ዘር ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ክሩን ጠቅልሎ ከጋኑ አጠገብ አኖረው።

መምሬ ይሥሐቅ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዓይናቸው ያረፈው ገበያነሽ ላይ ነበር።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ካጠረ ቺንጋ ሌላ ምን ይጠበቃል፣ መምሬ? አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ይሰማኛል ብዬ?» አለች። ከዚያ ወደ ወንዳፈራሁ ዞረች። «ለአምፖል የመጡ ለት የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከቺንጋው ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ፣ ጋሼ።»

ወንዳፈራሁ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። እሷ ትከሻውን ያዘችው፤ «ይተዉ፣ ይተዉ» አለች። ዓይኗ ግን ገና አልለሰለሰም።

አስቻለው ጠላውን ሳይጠጣ ቆይቶ፣ «ጓሳ ላይ ጋቢዬን ያለበስኩት ድንቹን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእርስዎን ኃጢአት ኖሯል!» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ወንዳፈራሁ አልሳቀም። አስቻለውም ተነሥቶ የገበያነሽን ጉልበት ሳመ። «በሴት ላይ የተናገርኩትንም ጨምረሽ ይቅር በይኝ» አላት።

ጽዋው ተነሣ። እየዘመርን ከገበያነሽ ቤት አደረስነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንዳፈራሁ የበረቱን ቋጠሮ ፈታ። በጣቱም በጥርሱም ሲፈታ ብዙ ቆየ፤ በጎቹ ከውስጥ ይጮሁበታል። ቁራጩን ይዞ ዳገቱን ወረደና ባንኮኒው ላይ አኖረው። ገበያነሽ ወርዱን ከአዲሶቹ ጋር እያስጠጋች አየች። ሦስት ቺንጋ አውርዳ ሁለቱን መለሰች። «አሮጌው ሲሠራ ኖሮ ተስቧል፤ ከእሱ በጥቂት የሚያንስ ነው የሚሻለው» አለች። የባሏን ቱታ ለበሰችና አብራው ወጣች። ከአጥራችን ሥር ዲናሞውን አላልታ ቺንጋውን ያለ ምንም ብረት፣ በእጇ ብቻ አገባችው። ዲናሞውን መልሳ ወጥራ ቡሎኑን አጠበቀች። ከዚያ አውራ ጣቷን በመዘውሮቹ መሃል በቺንጋው ላይ ጫነች፤ በመጠኑ ረገብ አለላት።

«እርስዎም ይጫኑት። ይሄ ነው ልኩ።»

ተጫነው። መኳንንትና ባለ ወፍጮው ቆመው ያዩ ነበር። መኳንንት ወዲያው፣ «የእኔንም አንድ ጊዜ ታዪልኛለሽ?» አለ። ገበያነሽ ዓለም ከተማ ልትሄድ ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ድንቹ ግን አልተመለሰም። በዚያ በልግ ብዙ ማሳ እንደታረሰ ጦሙን አደረ። ወንዳፈራሁ ከባናው ሥር የተረፈውን ዘር ለሁሉም ቤት እፍኝ እፍኝ እየቆጠበ ራሱ አደለ፤ ለራሱ አላስቀረም። ይሄም ቢሆን ለሙሉ ማሳ የሚበቃ አልነበረም።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ከማስነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ሲጫን አየዋለሁ። ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ባለፈው ሰሞን አስቻለው ገብስ ሊጭን መጥቶ ጣውላው ላይ ሲወጣ አሸተተና፣ «ጋሼ፣ ድንቹ እኮ ዛሬም እዚህ አለ» አለው።

«አለ» አለ ወንዳፈራሁ። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ አመድና መጥረጊያ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ገባ።